ያመለጠችን አኮርድ

ሆንዳ ለ2018 ሞዴል ያወጣትን አሥረኛዋን አኮርድ መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ እርር ይላል። ለቤተሰብ የተሠራች ባለ አራት በር ናት። የልጆች ወንበር ከኋላ እንደ ልብ ይገባል፣ የኋላው ዕቃ መጫኛም 16.7 ኪዩቢክ ጫማ ይይዛል። ትልቁ ሞተር የተገጠመላት ግን ኮፈኗ ሲከፈት 252 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ሞተር ይታያል፤ ለሲቪክ ታይፕ አር ከተሠራው ሞተር ጋር ዘሩ አንድ ነው። ስፖርት የሚባለውን ደረጃ የመረጠ ሰው ደግሞ ከፈለገ ባለ 6 ማርሽ ማንዋል ያገኝ ነበር። ልጆችን ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ የሳምንቱን አስቤዛ የምትጭን፣ ቅዳሜ ጠዋት በቨርጂኒያ የሸናንዶዋ ተራሮች ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መሪዋን ለጨበጠ የምትታዘዝ፣ ያቺው አንዷ መኪና። ሁለት መኪና ለማቆም አቅም የሌለው ቤት ከዚህ በላይ ምን ይመኛል?

አዲሷ 30 ሺህ ዶላር ገደማ ነበረች። ይህን አንችልም ነበር፣ መቻልም አላስፈለገንም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው አዲስ መኪና በሦስት ዓመት ሊዝ ወስዶ ይመልሳል። የተመለሰችው መኪና ማይሏ ጥቂት ነው፣ ዘይቷ በጊዜው ተቀይሯል፣ ሆንዳ ለሞተርና ለካምቢዮ የሚሰጠው የ5 ዓመት ወይም የ60 ሺህ ማይል ዋስትናም ገና አላለቀም። ትልቁን የዋጋ ኪሳራ የመጀመሪያው ሰው ተሸክሞታል። ገንዘቡ ውስን ሆኖ ጥሩ መኪና ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም።

ያ በር በ2020 ከወትሮውም ይልቅ ወለል ብሎ ተከፈተ። በማርች ወረርሽኙ ሁሉን ዘጋው። የመኪና ጨረታዎች ቆሙ፣ ማዕከላዊ ባንኩ ወለዱን ወደ ዜሮ አወረደ። በሜይ 22 የመኪና አከራዩ ኸርትዝ ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመለከተና በዚያ ዓመት ብዙ ሺህ መኪኖቹን ገበያ ላይ አወጣ። ፎርድ ለአሜሪካ ገበያ ከሙስታንግ በቀር የቤት መኪኖቹን ከሞላ ጎደል መሥራት እንደሚያቆም በኤፕሪል 2018 ተናግሮ ስለነበር፣ 325 የፈረስ ጉልበት ያለውና በአራቱም ጎማ የሚነዳው ፊውዥን ስፖርት ገዢ እያጣ ዋጋው ወርዶ ነበር። ማዝዳ 6 ቱርቦም ነበረች፤ ጥሩ ቤንዚን ከጠጣች 250 የፈረስ ጉልበት የምትሰጥ፣ መልኳ ዛሬም የማያረጅ። ከሁሉም ግን ልቤ አኮርዷ ላይ ነበር።

በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ሐበሻ ያን ጊዜ መኪና የሚገዛበት ሆድ እንዳልነበረው አውቃለሁ። ታክሲ የሚነዳው ቆመ፣ ኡበር የሚሠራው ተሳፋሪ አጣ፣ የፓርኪንግ ጋራዦች ባዶ ቀሩ። የቤት ኪራይ እያስጨነቀው ስለ ቱርቦ የሚያወራ ሰው አይኖርም። ያንን የፀደይ ፍርሃት አልወቅስም። የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰመሩ ሲጋመስ ሥራ ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ ከመንግሥት የመጣው ድጎማም ለብዙ ቤት ትንሽ ጥሪት አስቀረ። መኪና መግዛትም ጀመርን። የገዛነው ግን ሌላ ነው።

ዓይናችን ሁሉ ከፍ ያለ መኪና ላይ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ላይ ስንቀመጥ ወሬው አንድ ነው፤ «ልጆች ያሉት ሰው ሴዳን ይገዛል እንዴ?» ጥያቄው ብልህ ይመስል ነበር፣ ማንም ግን ሜትር አውጥቶ አልለካም። የአኮርዷ የኋላ ወንበር ለእግር የሚተወው ቦታ 40.4 ኢንች ነው። ሁሉም የሚያደንቃት የዚያው ኩባንያ ሲአርቪም በዚያ ዘመን 40.4 ኢንች ነበረች። በዕቃ መጫኛ ሲአርቪ ትበልጣለች፣ እሱን አልክድም፤ ጋሪና ብስክሌት ለሚጭን ቤት ቁም ነገር ነው። በረዶውስ ለሚለኝ፣ በቨርጂኒያ መንገድ በዓመት ጥቂት ቀን ለሚጥል በረዶ ጥሩ የክረምት ጎማ ይበቃ ነበር።

አንዲት ነጭ አኮርድ ነበረች። 2.0 ቱርቦ፣ ማንዋል፣ ከሊዝ የተመለሰች፣ ከ23 ሺህ ዶላር በታች። አዲስ አበባ እያሉ ጀምሮ በመካኒክነት የኖሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ሥሯ ገብተው አይተው፣ ነድተዋት መጡ። «ልጄ፣ ፍሪሲዮኗ ገና ነው። ሞተሯንም የነካካው የለም። ውሰዳት» አሉኝ። እኛ የወሰድነው ግን ባለ 7 መቀመጫ ትልቅ መኪና ነው። ሦስተኛው ረድፍ ወንበር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ተጣጥፎ ኖሯል ማለት ይቻላል። ቤንዚን ግን ወንበሩ ቢታጠፍም ባይታጠፍም ይጠጣል።

በሚቀጥለው ዓመት በሩ ተዘጋ። የመኪና ፋብሪካዎች በወረርሽኙ መጀመሪያ የሰረዙትን የቺፕ ትእዛዝ መልሰው ሲጠይቁ ቺፑ ለኮምፒውተርና ለመሳሰለው ዕቃ ሄዶ ነበር። አዲስ መኪና ሲጠፋ ሰው ሁሉ ወደ ያገለገለው ዞረ፣ በጁን 2021 የአሜሪካ የዋጋ መለኪያ ያገለገሉ መኪኖች በአንድ ዓመት ውስጥ 45 በመቶ መወደዳቸውን አሳየ። ከማርች 2022 ጀምሮ ደግሞ ወለዱ ሽቅብ ወጣ። ይህ ሁሉ ቢሆንም ገበያ ነውና አንድ ቀን ይረጋጋል ብዬ እጽናና ነበር። መኪናዋ ራሷ ትጠፋለች ብዬ ግን አላሰብኩም። ሆንዳ ማንዋሉን ከ2020 ሞዴል በኋላ አስቀረው፣ በ2023 አዲሷ አኮርድ ስትመጣ 2.0 ቱርቦውም አብሮ ቀረ። ማዝዳ 6 ከ2021 ሞዴል በኋላ ከአሜሪካ ወጣች። የቶዮታ ካምሪ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተርም በ2024 አበቃ። እንደ ሶናታ ኤን ላይን ያለች ቆይታለች፣ ጉልበቷም ጥሩ ነው፤ ማርሹን በእጁ መቀየር ለሚሻ ግን ማንዋል የላትም።

ኩባንያዎቹን መውቀስ ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ሆንዳ ያንን ማንዋል ሠርቶ፣ ዲለር ድረስ ልኮ፣ ለቤተሰብ በሚመች ዋጋ አቅርቦ ነበር። ያልገዛነው እኛ ነን። እንወዳታለን የምንል፣ ስሟን ስንጠራ የምንውል ሰዎች ገንዘባችንን ሌላ ቦታ አዋልነው። ያልተገዛ መኪና ደግሞ አይሠራም።

ዛሬም በየጊዜው እፈልጋታለሁ። የምትገኘው ጥቂት ናት፣ የተገኘችውም 100 ሺህ ማይል ያለፈች፣ ኮምፒውተሯ ተነካክቶ የቱርቦው ግፊት ከልክ በላይ የተጨመረባት፣ ከዋናው ጎማዋ የተለየች ናት። በአምስተኛና በስድስተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም፤ ፍሪሲዮኑ አልቋል ማለት ነው። አገልግሎቷ የተመዘገበበት ወረቀት ሲጠየቅ ሻጩ ዝም ይላል። ያቺን ነጯን ያህል ንጹሕ አላየሁም።

የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ነው። «አባዬ፣ ማንዋል አስተምረኝ» ይለኛል፤ ከጓደኞቹ ማንም አይችልም፣ እሱ መቻል ይፈልጋል። የምናስተምርበት መኪና የለንም። ያኔ በ60 ወር ብድር ገዝተናት ቢሆን ኖሮ ዕዳዋ በ2025 አልቆ፣ ዛሬ የእሱ መማሪያ ትሆን ነበር።