የጠገራ ብር ቀለም

አያቴ ሳጥኗን ስትከፍት ቤቱን የአሪቲ ሽታ ይሞላዋል። ቀጥሎ ቅቤና የወይራ ጢስ የጠጣው የክት ቀሚሷ ይሸታል፣ ከሁሉ ሥር ደግሞ ቆዳ። ያ የቆዳ ሽታ የሚመጣው ጠገራ ብሮቿን ቋጥራ ከምታኖርባት ትንሽ ከረጢት ነበር። እጄን ታጥቤ ካደረቅሁ በኋላ አንዷን ታስይዘኛለች። «ፊቷን አትንካ፣ በጠርዟ ያዛት» ትለኛለች። ብሯ ላይ የተቀረጸችውን ሴትዮ፣ የኦስትሪያዋን ንግሥት ማርያ ትሬዛን ማለቷ ነው።

ብር ነጭ ነው ብዬ ነበር የማስበው። የአያቴ ብሮች ግን ዳር ዳራቸው ወርቅማ ሆኖ ወደ ውስጥ ገባ ሲባል ቀላ ይላል፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፤ በአንዷ ላይ ከንግሥቲቱ ትከሻ በላይ ድፍን ሰማያዊ ነበር። «ማን ቀባት?» ብዬ ጠየቅኋት። «ማንም አልቀባት። ተቀምጣ ነው» አለችኝና ቋጥራ መለሰቻት።

መልሷ በደንብ የገባኝ ጎረምሳ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ፒያሳ፣ አንድ ብር ሠሪ ሱቅ ውስጥ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ሱቃቸው ጠባብ ናት፣ የከሰልና የጋለ ብር ሽታ አይጠፋትም፣ መዶሻቸው ቀኑን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፉ ላይ ያለችውን በርጩማ ይስቡልኝና ሻይ ያስመጡልኛል። ምንም እንደማልገዛ ያውቃሉ። አንድ ቀን እንኳ «ምን ፈልገህ ነው?» ብለውኝ አያውቁም።

ያኔ ጠገራ ብር ለብዙ ሰው የሚቀልጥ ነገር ነበር። ወደ 28 ግራም ይመዝናል፣ ከመቶው 83 እጅ ብር ነው፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ፤ ስንቱ መስቀል፣ ስንቱ ድሪና አልቦ ከእሱ ወጥቷል። ጋሼ ግን አንዳንዷን ከማቅለጫው ይለያሉ። መስኮቱ ጋ ወስደው ዘንበል ቀና ያደርጓታል። በላዩ ላይ ያለው ዓመት ምንም አይነግርህም ይሉኝ ነበር፤ ንግሥቲቱ በሞተችበት በፈረንጆቹ 1780 ላይ እንደቆመ ነው፣ በቪየና ይመታ፣ በሮም፣ በለንደን ወይም በቦምቤይ። የቀድሞ ሰዎች ከመቀበላቸው በፊት በደረቷ ጌጥ ላይ ያሉትን እንቁዎች ይቆጥሩ ነበር አሉ። እሳቸው ቀለሟንም ያነቡ ነበር።

«ብር ድኝ ይወዳል» ይላሉ። ድኝ ደግሞ የማይገባበት የለም፤ በቆዳ፣ በሱፍ፣ በእንቁላል፣ በሽንኩርት፣ በድንጋይ ከሰል ጢስ አለ። ከብሩ ጋር ቀስ እያለ እየተዋሐደ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ቀለም ተቀብቶ አይደለም እንዲያ የሚያምረው፤ ከላዩና ከሥሩ የሚመለሰው ብርሃን እርስ በርሱ እየተገናኘ ነው፣ ዝናብ ባራሰው አስፋልት ላይ ነዳጅ ሲንጠባጠብ እንደምናየው። ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ ቀለሙም ተራውን ጠብቆ ይለወጣል፦ መጀመሪያ ወርቅማ፣ ከዚያ ቀላ ያለ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ በመጨረሻ ጥቁር። ይህም ብዙ ዓመት ይፈጃል።

አንድ ቀን አንድ ወጣት ብልጭልጭ ያለች ጠገራ ይዞ መጣ። ሰማያዊና ሐምራዊ ብቻ ናት፣ ታምራለች። ጋሼ አጉልቶ በሚያሳየው መነጽራቸው አዩዋት፣ አሸተቷትም። ከዚያ እኔን ጠሩኝ። «ወርቅማው የት አለ? ሰማያዊው ከየት ዘሎ መጣ?» አሉኝ በቀስታ። በተፈጥሮ በቆየች ብር ላይ አንዱ ቀለም ወደ ሌላው እየሳሳ ይገባል፤ በፊደሎቹ ዙሪያ ብዙ ጊዜ ነጣ ያለ ጥላ ይቀራል፣ የብረቱ ወዝም ከቀለሙ ሥር ሲዞር ይታያል። በዚያች ብር ላይ ግን ቀለሙ ፊደሉንም ሜዳውንም ሳይለይ እንደ ጉድፍ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ደግሞ የፍትጊያ ጭረት ነበር። አንድ ሰው ፈትጎ አነጣት፣ ማንጣቱን ለመሸፈን ደግሞ በድኝ አጠናት፣ ወይም እሳት ላይ ጣዳት። ጋሼ ልጁን አላሳፈሩትም። «የብሩ ዋጋ አይጠፋም ልጄ፣ የቀለሙን ግን አልከፍልህም» ብለው በሚዛን መዝነው ከፈሉት። ያችን ደግነታቸውን እስከ ዛሬ እወዳታለሁ።

የምኒልክን ብርም መጀመሪያ ያየሁት እሳቸው እጅ ላይ ነው። 1887 ዓ.ም. የሚል ተጽፎባት ፓሪስ የተመታች፣ ከጀርባዋ ዘውድ የደፋ አንበሳ ያለባት። አንበሳው ጋማ ላይ የተኛው ወርቅማ ቀለም አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ለሽያጭ አልነበረችም። ለማየት ብቻ ነበር የሚያወጧት፣ እሱንም ለወዳጅ።

ዛሬ ያ የሱቅ ረድፍ የለም። ጋሼም ካረፉ ቆዩ። አሁን ነገሩ ሌላ ገበያ ሆኗል፤ ኤን.ጂ.ሲ. እና ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ. የሚባሉት የአሜሪካ የሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች ሳንቲሙን አይተው በፕላስቲክ ያሽጉታል፣ ቀለሙ የሰው እጅ ሥራ መሆኑን ካመኑ መደበኛ ደረጃ አይሰጡትም። መልካም ሥራ ነው። ግን የታሸገ ብር አይሸትም፣ ሲጥሉትም አይጮኽም። በቸርችል ጎዳና የመታሰቢያ ዕቃ ሱቆች ሳልፍ በሎሚና በአመድ ተፈትገው የነጡ ጠገራዎች ተደርድረው አያለሁ። እንዲያ ያጸዷቸው ለገዢው እንዲያምሩ ብለው ነው፤ እኔ ግን ባየኋቸው ቁጥር አዝናለሁ። ፍተጋው የሚወስደው ቆሻሻውን ብቻ አይደለም፤ የብሩን ገጽ አብሮ ነው የሚልጠው፣ የተላጠ ደግሞ አይመለስም። የተላጠው ጊዜ ነው፣ በአንዲት አሮጊት ሳጥን ውስጥ ያለፈ ጊዜ።

እርስዎም ምናልባት ከእናትዎ ወይም ከአያትዎ የተረፈች ጠገራ ቤትዎ ትኖር ይሆናል። ጠቁራ ቢያገኟት እባክዎ ሎሚ አያስነኳት፣ አመድም አያስጠጓት፤ በጠርዟ ይያዟት፣ በንጹሕ ደረቅ ወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጧት፣ የማን እንደነበረችም ወረቀቱ ላይ ይጻፉ።