ላም አለኝ በሰማይ

ይህን የምጽፈው ሙያዬን ለማሳየት አይደለም፤ ጥፋቱ የራሴ ስለ ሆነ፣ ሌላው እንዳይደግመው ብዬ ነው።

በ31 ሜይ ያለን ሰዎች ማመልከቻ የምንጽፍባት አንዲት አሮጌ ላፕቶፕ አለች። ባለፈው ወር ቫይረስ ገብቶባት መንቀራፈፍ ስታበዛ፣ ማንንም ሳላማክር በውስጧ ያለውን ሁሉ ደምስሼ ዊንዶውስ 7ን እንደ ገና ጫንሁባት። እኩለ ሌሊት ላይ ሥራው ሲያልቅ እንደ ሙሽራ አማረች። ዋይፋዩ ግን ከነምልክቱ የለም።

በማግሥቱ ጎረቤታችን እማማ መጡ። ልጃቸው ከባሕር ማዶ የላከላቸው የቤተሰብ ማገናኛ ቅጽ ኢሜይላቸው ውስጥ ተቀምጧል፤ እስከ ሐሙስ ተሞልቶ መመለስ አለበት። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። «ደረሰልኝ ልጄ?» ሲሉኝ ምላሴ ተሳሰረ።

ካርዱ የተቃጠለ መስሎኝ ነበር። ዲቫይስ ማኔጀር የሚባለውን ስከፍት ግን «ኔትወርክ ኮንትሮለር» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ቢጫ ቃለ አጋኖ አየሁ። ካርዱ በቦታው አለ፤ ዊንዶውስ ግን ሊያናግረው አልቻለም ማለት ነው። ድራይቨር የሚሉት አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚ የሌለው ሰው ቢሮ ደጃፍ ላይ ምን እንደሚሆን ለእኛ ማንም አይነግረንም። የድሮው አስተርጓሚ ከደመሰስሁት ጋር አብሮ ጠፍቷል፤ አዲሱ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ኢንተርኔት ለመግባት ደግሞ አስተርጓሚው ያስፈልጋል። ላም አለኝ በሰማይ!

ረቡዕ ዕለት ከአንድ ወጣት ዘንድ ድራይቨር በፍላሽ ለምኜ አመጣሁ፤ አልጫንም አለ። ለካ የእኔ ዊንዶውስ ባለ 64 ቢት ሲሆን ያመጣሁት ለባለ 32 ኖሯል። ከዚያ ወዲያ መገመት ትቼ የካርዱን መታወቂያ ፈለግሁ። ቢጫው ምልክት ያለበትን መስመር በቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ፕሮፐርቲስ፣ ቀጥሎ ዲቴይልስ፣ ከዚያ ሀርድዌር አይዲስ ሲሉ ቁጥር ይወጣል። «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ ያለው የሠሪው ነው፤ 8086 ኢንቴል፣ 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 10ኢሲ ሪልቴክ። «ዴቭ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው የሞዴሉ ነው። የእኔ 8086 ሆኖ ተገኘ፤ ኢንቴል በ1978 ካወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር ጋር ስሙ አንድ ነው።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ጥግ ወዳለው ሶማሌ ባለሱቅ ዘንድ ሄድሁ። ችግሬን ሲሰማ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን ከፈተልኝ። ኢንተርኔቱ በገመዱ ገባ። ድራይቨሩ እስኪወርድ ሲያጫውተኝ፣ ሠፈራችን ስሙን ያገኘው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ሐርጌሳ ከገቡበት ከሜይ 31 ቀን 1988 መሆኑን ነገረኝ። ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ እናቱ አዝለውት ወደ እኛ አገር፣ ወደ ሐርቲሼክ መጠለያ ሸሽተው ነበር። ስለ ሒሳብ ሳነሣበት «እናቴም ያኔ ወረቀት የሚሞላላት ሰው ትፈልግ ነበር» ብሎ ዝም አሰኘኝ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዋይፋዩ ሠራ፤ የባለሱቁን ስልክ መለስን፤ የእማማም ቅጽ ሄደ። መልሱ ገና ነው፤ በየጧቱ እየመጡ ይጠይቁኛል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከመደምሰሳችሁ በፊት የካርዱን ቁጥር ጻፉ፣ ድራይቨሩንም ፍላሽ ላይ አኑሩ። የእኛዋን ቁጥር ከነሞዴሉ በወረቀት ጽፌ ከላፕቶፑ ሆድ ሥር ለጥፌዋለሁ፤ ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ባለተራ።