ኮሮላዋን እናሳምራት፣ ግን አታንገጫግጨን

ቡናው እስኪፈላ ስለ መኪና ብንጫወትስ? ስለ አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች አይደለም፤ እነሱ ሌላ ቀን ይደርሳቸዋል። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚያች አጥር ሥር ስለቆመች፣ ጠዋት ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሳ ከሰዓት ሽማግሌዎችን ለቅሶ ስለምትወስድ አሮጌ ኮሮላ ነው። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1992 የተሠራችውን፣ አዋቂዎቹ ኢ90 የሚሏትን አስቡልኝ። የማወራው ስለ እሷ ቢሆንም አብዛኛው ነገር ለታናናሾቿም ይሆናል።

እንዲህ ያለችውን መኪና ሸጦ ሌላ መግዛት ዱሮ እንደነበረው ቀላል አይደለም። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን እንደ ዕድሜያቸው አስወደዳቸው፤ በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዱ ተነገረ። ስለዚህ ያለችውን ማደስ ቅንጦት ሳይሆን ጥሩ ሒሳብ ነው። ሞተሩ ተጠግኖ፣ ቀለሙ ተቀብቶ ሲያልቅ ዓይን ወደ ታች ይወርዳል። ቀጭኑ ባለ 13 ኢንች ጎማ ያሳንሳታል፤ ኩርባ ላይ ትዋዥቃለች፤ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋን ትደፋለች። ያን ጊዜ ነው ሰፊ ቸርኬና ጠንካራ ሞላ የሚያምረን። ብዙዎቹ ኮሮላዎች የሚበላሹትም እዚህ ላይ ነው፤ ለዓይን ያምራሉ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች እናት ግን ወገቧን ይዛ ትወርዳለች።

የእኔ እምነት አጭር ነው። መኪናን መግራትና ማጠንከር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮሮላዋ ለስላሳነቷን እንደያዘች ልትገራ ትችላለች፤ ብሩ የሚፈስበትን ቦታ ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ለምን እንደሆነ ለማየት ከሰፈራችን ኮብልስቶን እንጀምር። አንዱ ድንጋይ አሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው እንበል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ትጓዛላችሁ፤ ጎማው በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ወደ 55 ጊዜ ይመታል ማለት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ፈጣን ንዝረት ሞላና ሾክ አብዞርበር አይደርሱለትም። የሚውጡት የጎማው ጎን፣ በውስጡ ያለው አየርና በየብረቱ መጋጠሚያ የተሰኩት ላስቲኮች ናቸው። አሁን ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃን መንገድ እንውጣ። አስፋልቱ በየአሥር ሜትሩ ከፍ ዝቅ የሚልበት ቦታ ላይ በ80 ብትነዱ መንገዱ መኪናዋን በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ወደ ላይ ይገፋታል። ይሄኛው የሞላና የሾክ አብዞርበር ሥራ ነው። እንግዲህ “አትመችም” የምንላት መኪና ከሁለቱ በየትኛው እንደምታስቸግረን ሳንለይ ዕቃ መግዛት ከጀመርን ገንዘቡ ሜዳ ላይ ይቀራል።

የቤት መኪና በሞላዋ ላይ ስትወዛወዝ በሰከንድ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ጊዜ ከፍ ዝቅ እንድትል ተደርጋ ነው የምትሠራው። የተቀመጠ ሰው ሰውነት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚጠላው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚመጣውን ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ነው። ሞላውን በ30 በመቶ ብታጠነክሩት ውዝዋዜው በ14 በመቶ ይፈጥናል፤ ወደሚጠላው ቦታ አንድ እርምጃ ተጠጋችሁ ማለት ነው።

ይህን ነገር አጥብቆ ካጠኑት ሰዎች አንዱ ሞሪስ ኦሊ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ክብደት ወደፊትና ወደኋላ እየተዛወረ የሚጫንባት የሙከራ መኪና ሠርቶ፣ ተሳፋሪ መቼ እንደሚመቸውና መቼ እንደማይመቸው መረመረ። የደረሰበት ነገር ዛሬም ይሠራል፤ የፊቱ ሞላ ከኋላው ለስለስ ሊል ይገባል። ምክንያቱም ጉብታውን መጀመሪያ የሚያገኘው የፊት ጎማ ነው። ኢ90 በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2.43 ሜትር አላት፤ በ80 ስትሄድ የኋላው ጎማ ያንኑ ጉብታ የሚያገኘው ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ በኋላ ነው። የኋላው ትንሽ ፈጠን ብሎ ሲወዛወዝ ዘግይቶ ቢነሳም የፊቱን ይደርስበታል፤ መኪናዋም ፊትና ኋላዋን በየተራ ከምታነሳ ይልቅ ሙሉ አካሏ አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። የፊቱን ሞላ ብቻ በጠንካራ የሚቀይር ሰው ይህን ስምምነት ነው የሚያፈርሰው። ከዚያ በኋላ ተሳፋሪው ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ ይውላል።

እና ብሩ የት ይሂድ? መጀመሪያ ላስቲኮቹ ላይ። ዕድሜያቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆኑ ላስቲኮች ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ ብረት ከብረት ጋር ያገናኛሉ። መኪናዋን ከሥር አስፈትሹ፦ የታችኛው ክንድ ቡሽንጎች፣ የኋላ ዘንጎቹ ጫፍ፣ ሾክ አብዞርበሩ ከአካሉ ጋር የሚያያዝበት ማውንቲንግ፣ የስታቢላይዘር ላስቲኮች፣ ቦል ጆይንት፣ ታይሮድ። ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ እነዚህን ብትገዙ ሁሉም ተደምረው የአንድ ስብስብ ያማረ ቸርኬ ዋጋ አይሆኑም፤ የሚሰጡት ለውጥ ግን ከቸርኬው ይበልጣል። አዲስ ላስቲክ የገባላት አሮጌ ኮሮላ መሪዋ ይሰበሰባል፣ ኳኳታዋ ይጠፋል፣ ኮብልስቶኑም ድምፁ ብቻ ይቀራል። አንዳንዱ በላስቲክ ፈንታ ፖሊዩሬታን ያስገባል። ለውድድር መኪና ይሁን፤ ለእኛ መንገድ ግን አልመክርም፤ ይጠነክራል፣ ንዝረቱን ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ቅባቱ ሲደርቅም ይጮኻል።

እዚህ ላይ መካኒኩን አጥብቃችሁ የምትለምኑት አንድ ነገር አለ። የቡሽንጎቹ ቡሎን መጨረሻውን የሚጠብቀው መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ቆማ እያለ ነው። ክሪክ ላይ ተሰቅላ፣ እግሯ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ ላስቲኩ በተንጠለጠለበት ቅርጽ ይያዛል፤ መኪናዋ ስትወርድ ይጠመዘዛል፣ ቀኑን ሙሉ ተወጥሮ ይውላል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ጥሩ ዕቃ ተገዝቶ ለምን በዓመቱ እንዳለቀ ሰው ሲገረም ብዙ ጊዜ መልሱ ይሄ ነው።

ቀጥሎ ሾክ አብዞርበር። የመኪናን ክብደት የሚሸከመው ሞላ ነው፤ ሾክ አብዞርበር ውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ውዝዋዜውን ወደ ሙቀት ይለውጣል። ሲደክም መኪናዋ ማዕበል ላይ እንዳለች ጀልባ ትሆናለች፤ ጉብታውን ካለፈች በኋላም ትቀጥላለች። ኮፈኑን ተጭኖ መልቀቅ የታወቀ መፈተሻ ነው፤ ግን ጨርሶ የሞተውን እንጂ የደከመውን አይነግርም። ይልቅ የጎማውን ጥርስ በእጃችሁ ዳስሱ፤ ዙሪያውን ገባ ወጣ እያለ ከተበላ ጎማው መሬት ላይ እየዘለለ ነው። ሲገዛ ሁለቱ የፊቶች አብረው፣ ሁለቱ የኋላዎች አብረው ይቀየሩ።

ዓይነቱን በተመለከተ ለምቾት የምመርጠው ባለ ሁለት ቱቦውን፣ አነስተኛ የጋዝ ግፊት ያለውን ነው። ካያባ የተባለው ኩባንያ ኤክሰል-ጂ የሚለው ምርቱ ከዚህ ወገን ነው። ባለ አንድ ቱቦው፣ ከፍተኛ ግፊት ያለው ዓይነት ሙቀት ይችላል፣ በፍጥነት ሲነዱትም ያስተማምናል፤ ነገር ግን በትንንሽ ንቅናቄ ላይ ደረቅ ይላል። ከተማ ውስጥ ደግሞ ውሏችን ከትንንሾቹ ጋር ነው። በኢ90 ላይ አራቱም እግሮች ሞላቸው ሾክ አብዞርበሩ ላይ ተጠምጥሞ የተቀመጠ ስለሆነ፣ ሲፈታ ሞላው በደንበኛ መጭመቂያ መያዝ አለበት። በገመድና በሽቦ አስሮ የሚፈታ ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የታመቀ ሞላ ሲያመልጥ ሰው ይገድላል።

አሁን ወደ ቸርኬው፤ ሁላችሁም የምትጠብቁት እሱን መሆኑ ይገባኛል። መነሻችን 175/70 አር 13 ይሁን። የጎኑ ቁመት 122 ሚሊ ሜትር ተኩል፣ የሙሉ ጎማው ቁመት 575 ሚሊ ሜትር ነው። 185/60 አር 14 ብታደርጉ ሙሉ ቁመቱ 578 ገደማ ይሆናል፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው አይዋሽም፣ ጎኑም 111 ሚሊ ሜትር ይቀርለታል። 195/50 አር 15 ስትደርሱ ጎኑ 97 ተኩል ነው። 205/40 አር 16 ላይ ደግሞ 82 ብቻ፤ ከመነሻው አንድ ሦስተኛው ሄዷል። የሄደው ነገር ኮብልስቶኑን ሲውጥልን የነበረው አየር ነው፤ ምንም ዓይነት ውድ ሾክ አብዞርበር አይመልሰውም። ስለዚህ የእኔ ፍርድ 14 ነው። አንድ ቁጥር መጨመር መኪናዋን ለዓይን ያቀናታል፣ ሰፋ ያለው ጎማም ኩርባ ላይ ይረዳታል፣ እናታችሁም አይከፋቸውም። 15 መንገዱ ለስላሳ ለሆነለት ሰው ይሁን። ከዚያ በላይ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ቸርኬ ለማጣመም ነው።

ክብደቱንም አትርሱ። ቸርኬና ጎማ ከሞላው በታች ያሉ ክብደቶች ናቸው፤ በከበዱ ቁጥር ሾክ አብዞርበሩ ሊይዛቸው ይቸገራል። አሉሚኒየም ሁሉ ቀላል ነው የሚል እምነት አለ፤ እውነት አይደለም። ወፍራም ተደርጎ የተሠራ ባለ 15 ቸርኬ ከፋብሪካው ባለ 13 ብረት ሊበልጥ ይችላል። ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ የሚሸጥላችሁ ሰው ቅር ይበለው። የብረቱ ቸርኬ ሌላም ጥቅም አለው፤ ጉድጓድ ሲመታው ይጣመማል፣ ጎሚስታው ቀጥቅጦ ይመልሰዋል። ርካሹ አሉሚኒየም ግን ይሰነጠቃል።

ልኩ ላይ ደግሞ ጠንቃቃ ሁኑ። ኢ90 አራት ቡሎን አላት፤ ቡሎኖቹ የሚሠሩት ክብ ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር፣ የመሐል ቀዳዳው 54.1። ቀደም ያለችው፣ የኋላ ጎማዋ የሚገፋት ኮሮላ ግን 114.3 ነች፤ ሁለቱም አራት ቡሎን ስለሆኑ ገበያ ላይ ይምታታሉ። የቸርኬው መሐል ቀዳዳ ከ54.1 ከሰፋ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ጠይቁ፤ አለዚያ ባላንስ ተደርጎም መሪው ይንቀጠቀጣል። ቸርኬው ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚወጣ የሚናገረው ቁጥር ከፋብሪካው በጣም ከራቀ ደግሞ ጎማው ከፓራፋንጎ ውጭ ይቆማል፣ መሪው በየጉድጓዱ እጃችሁን ይመታል፣ ኩሽኔታውም ቶሎ ያልቃል።

ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መጋዘን ውስጥ ዓመታትን ያሳለፈ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቋል፤ ምቾትም፣ ዝናብ ላይ መያዝም ከእሱ አይጠበቅም። አየሩን በሹፌሩ በር ጥግ ላይ ያለው ወረቀት እንደሚለው፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ሙሉ። ጠንክሮ ቢሞላ ይሻላል የሚለው ልማድ ምቾትን በነጻ መጣል ነው። አዳማ ላይ ተሞልቶ አዲስ አበባ ሲወጣ ልኬቱ አንድ ፒኤስአይ ያህል ከፍ ማለቱንም ልብ በሉ፤ ከተራራው ጋር የውጭው አየር ስለሚሳሳ ነው።

ሞላውስ? ተዉት እላለሁ። ግራና ቀኙን ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ ለኩ፤ አንዱ ወገን ከወረደ ወይም ሁለቱም ከተዘፈዘፉ የፋብሪካውን ጥንካሬ ባለው አዲስ ሞላ ቀይሩ። ሞላ ማስቆረጥ ግን ሁለት ጉዳት አለው፤ ቀለበቱ ሲቀንስ የቀረው ይጠነክራል፣ መኪናዋም በአራት ሳንቲ ሜትር ከወረደች ወደ ላይ ከነበራት ጉዞ አራቱ ሳንቲ ሜትር ይጠፋል። ከዚያ በኋላ በየፍጥነት መቀነሻው ላይ የምትሰሙት ጓ የሚል ድምፅ አካሉ መጨረሻው ላስቲክ ላይ ሲያርፍ ነው። በቀለበቶቹ መሐል ላስቲክ መሰካትም እንዲሁ ነው፤ መኪናዋን ከፍ ያደርጋታል፣ ግን አንድ ቀለበት ከሥራ ውጭ ሆኖ ሞላው ይደርቃል። ኩርባ ላይ የሚያዘነብላት ነገር የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ የስታቢላይዘሩን ላስቲክና ማያያዣ አድሱ። ወፍራም ስታቢላይዘር ግን ለአዲስ አበባ ጉድጓድ አይሆንም፤ የግራ ጎማ የመታውን ለቀኙ ያካፍላል፣ ተሳፋሪውም ጎን ለጎን ይናወጣል።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ አላይመንት አሠሩ፤ ክንድና ሾክ አብዞርበር ተፈትቶ ሳይስተካከል የሚነዳ መኪና አዲሱን ጎማ በጥቂት ወራት ይበላዋል። የቸርኬውን ቡሎኖችም በመስቀልኛ እያፈራረቃችሁ በቶርክ መለኪያ ቁልፍ በ103 ኒውተን ሜትር አስጠብቁ፤ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳችም በኋላ በዚያው ቁልፍ እንደገና ይፈተሹ።