ያንዱ ዋጋ

ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ገብቼ የ1984ቱን አዋጅ ቁጥር 10 ጠየቅሁ፤ የሕፃናት መብቶች ስምምነት የጸደቀበትን። ልጁ ሲፈልግ ቆይቶ አንዲት ቅጠል ወረቀት ሰጠኝ። «የቀረውስ?» አልኩት። «ይኸው ነው ጋሼ።» ስምምነቱ 54 አንቀጾች አሉት። አዋጁ ስምምነቱ መጽደቁን ነግሮን ይሰናበታል።

*

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) ላይ ኢትዮጵያ ያጸደቀችውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርገዋል። አዋጅ ቁጥር 3/1987 ደግሞ የፌዴራል ሕግ ሁሉ በነጋሪት ጋዜጣ እንዲወጣ፣ ፍርድ ቤቶችም እዚያ የወጣውን እንዲያውቁ ያዛል። እንግዲህ ዳኛው ምን ያድርግ? ጋዜጣው ላይ ስሙ አለ፣ አካሉ የለም። የሕግ ምሁራን በዚህ ጉዳይ ዓመታት ተከራክረዋል። እኔ ክርክሩን በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ የተቆጠበው ወረቀት ነው።

*

የብድር ማጽደቂያ አዋጆችን ያየ ግን እንዲህ አይቸገርም። የገንዘቡ መጠን፣ የአገልግሎት ክፍያው፣ የእፎይታው ጊዜ፣ ዕዳው ተከፍሎ የሚያልቅበት ዘመን ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ልጆቻችን የሚከፍሉት ታትሟል። መብታቸው ግን ርዕሱ ብቻ።

*

ነጋሪት ጋዜጣ ሁለት ዓምድ አለው፤ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ። ሁለቱ ከተጣሉ የሚረታው አማርኛው ነው። የሕፃናት ስምምነት በበኩሉ እኩል የሚታመኑትን ቋንቋዎች ሲዘረዝር ስድስት ይጠራል፤ ዓረብኛና ቻይንኛ አሉበት፣ አማርኛ የለበትም። እንደራሴው እጁን የሚያወጣው ግን በአማርኛ ነው።

*

እናቱ የሞተችበት ልጅ ነበር። ያሳደገችው አክስቱ ናት፤ አባትየው ዓመታት ርቆ ቆይቶ ልጄን ስጡኝ አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች የቤተሰብ ሕጉን ይዘው ለአባት ፈረዱ፤ ከወላጆች አንዱ ሲሞት ሌላው ይተካል ነው ነገሩ። በ2000 ዓ.ም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ በመዝገብ ቁጥር 23632፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት ስምምነቱን አንቀጽ 3 አነሳ፤ የልጁን ጥቅም አስቀድሞም ለአክስት ወሰነ። ችሎቱ ያልታተመውን ስምምነት ከየትም አግኝቶ አንብቦታል ማለት ነው። ምክር ቤት ካጸደቀው 16 ዓመት በኋላ።

*

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ማግባት ትችል ነበር፤ ወንዱ በ18። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም ሁለቱንም 18 አደረጋቸው። ጥሩ። ግን ይህ ሕግ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው፤ የቤተሰብ ሕግ የክልል ሥልጣን ስለሆነ እያንዳንዱ ክልል የራሱን ማውጣት ነበረበት። በየተራ ወጣ እንጂ በአንዴ አልሆነም። ክልሏ የራሱን ሕግ እስኪያወጣ የምትጠብቅ የ15 ዓመት ልጅ፣ አገሯ ስምምነቱን አጽድቃላት ሳለ፣ በአሮጌው ሕግ ስር ነበረች።

የውጭ አገር የግልግል ዳኝነት ውሳኔን ስለማስፈጸም የተደረገው የኒውዮርክ ስምምነት በ2012 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1184 ጸደቀ፤ በዓመቱ የግልግል ዳኝነት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ተከተለው። ባለሀብት በር ላይ ሲቆም ሕግ ቶሎ ይሰናዳል። (ልጅቷ በር ላይ አልቆመችም፤ ቤት ውስጥ ነበረች።)

*

ስምምነትና የአገር ሕግ አውሮፓም ውስጥ ተጋጭተዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ኮስታ የተባለ የሚላኖ ጠበቃ 1,925 ሊሬ የመብራት ሒሳብ አልከፍልም ብሎ ተካሰሰ። ሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት በዚያ ቢል ሳቢያ የአውሮፓ ማኅበረሰብ ሕግ ከአባል አገር ሕግ እንደሚበልጥ አወጀ። ዛሬ የአውሮፓ ኅብረት ለየፓርላማው ቀን ቆርጦ ይሰጣል፤ በቀኑ ሕጉን ያላስተካከለ ይከሰሳል፣ ገንዘብም ይቀጣል። አንዳንዴ ሲያስቡት የመብራት ቢልም ደግ ነው።

*

ከሳምንት በኋላ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ተመለስኩ፤ የሰበር ውሳኔዎቹን ቅጽ ፈልጌ። ልጁ ወፍራሙን ጥራዝ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ይሄማ አይበረክትም፤ ጠበቆች ይሻሙታል።»

«ያቺ አንድ ቅጠልስ?»

«እሷን ከእርስዎ ሌላ የጠየቀኝ የለም።»