ቃጭሉ ሲጮህ ማን ይወጣል?

እኛ በካኩማ አዛውንት የምንጦር ቤተሰቦች «ጃጅተዋል» ማለቱን ትተናል። የመርሳት ችግር የአንጎል ሕመም እንጂ እርግማን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ስለ መሣሪያዎች ያወሩናል፤ በር ሲከፈት የልጅን ስልክ የሚጠራ አለ፣ እጅ ላይ ታስሮ ያሉበትን የሚጠቁም አለ። ጥሩ ነው። ግን መብራትና ኔትወርክ ይፈልጋል፤ እኛ ጋ፣ እንደ ገጠሩ ሁሉ፣ ሁለቱም ይጠፋሉ። ደግሞም መሣሪያ ይጣራል እንጂ ሄዶ ሰው አይመልስም።

ጎረቤታችን እማማ ማታ ማታ «ቤቴ ልሂድ» እያሉ ወደ ላጋው ይወርዱ ነበር። ላጋው ደረቅ ቢመስልም ላይ አገር ከዘነበ በድንገት ይሞላል። ስለዚህ በራቸው ላይ ቃጭል አሰርን፣ ለጎረቤት ሁሉ ነገርን፣ ስማቸውንና የብሎካቸውን ቁጥር ነጠላቸው ጫፍ ላይ ሰፋን። ሲወጡም አንሟገታቸውም፤ «እንሸኝዎት» ብለን ጥቂት አብረናቸው ሄደን ቀስ ብለን እንመልሳቸዋለን።

ወገኖች፣ በእናንተ ብሎክ ቃጭል ሲሰማ የሚወጣው ማን ነው? ዛሬ ማታውኑ ተራ ተመዳደቡ።