ነጭ ጤፍና ሰርገኛ

ዲሴምበር 2024 ላይ እቁብ ወጣልኝ፤ 10 ሺህ ዶላር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው እቁባችን አሥር ሰው ነው፣ በወር አንድ አንድ ሺህ እንጥላለን። በብሩ ስቶክ ልገዛበት ከወሰንኩ በኋላ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ከሁለቱ የቺፕ ኩባንያዎች ኤንቪዲያ ስንት፣ ኤኤምዲ ስንት?

ኤንቪዲያን የወደድኩት ከቺፑ ይልቅ በኩዳ ነው። ኩባንያው በ2006 ያስተዋወቀው ሶፍትዌር ነው፤ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሰዎች ዓመታት ሙሉ ኮዳቸውን የጻፉት በእሱ ስለሆነ፣ ወደ ሌላ ቺፕ መሄድ ጓዝ ጠቅልሎ ቤት እንደመቀየር ይከብዳቸዋል። ኤኤምዲም ሮክኤም የሚባል የራሱ አለው፤ ግን ዘግይቶ ነው የመጣው። በኤኤምዲ በኩል ደግሞ ሊሳ ሱ አለች። በ2014 ኩባንያውን ስትረከብ አክሲዮኑ 3 ዶላር አካባቢ ነበር፤ በዓመቱ ጭራሽ ከ2 ዶላር በታች ወርዷል። ከዚያ ተነስታ ኢንቴልን ያስጨነቀች ሴት ነገ ኤንቪዲያ ላይ ብትደርስበትስ? 60 በ40፣ 80 በ20፣ መልሼ እኩል በእኩል… የመብራት ቢሉ ፖስታ ጀርባው በቁጥር ሞላ። በመጨረሻ 7 ሺህና 3 ሺህ ብዬ ዓርብ፣ ጃንዋሪ 24 ገዛሁ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን ስከፍት ሁለቱም ቀይ። ዲፕሲክ የሚባል የቻይና ኩባንያ በርካሽ ሠራሁት ያለው ሞዴል ገበያውን አስደንግጦ፣ ኤንቪዲያ በአንድ ቀን 17 በመቶ ወረደ፤ ከገበያ ዋጋው 600 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠፋ ማለት ነው። ኤኤምዲም 6 በመቶ ገደማ ተከተለው። ከኔ 10 ሺህ ወደ 1,400 የሚጠጋው ሄደ። የሚያናድደው፣ ያን ዕለት አፕል ወጥቶ ነው የዋለው።

የእቁባችን ዳኛ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ የአድአ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ቡና ላይ ነገርኳቸው።

«ተፎካካሪ ናቸው አላልከኝም? አንዱ ሲወድቅ ሌላው ለምን አልተነሳም?»

«ጋሼ፣ ሁለቱም ዲዛይን ያደርጋሉ እንጂ አያመርቱም። የሚያመርትላቸው ታይዋን ያለው ቲኤስኤምሲ ነው። ትልልቆቹ ገዢዎችም፣ እነ ማይክሮሶፍት፣ እነ ሜታ፣ ያው ናቸው።» የኤንቪዲያው ጄንሰን ሁዋንግና ሊሳ ሱ ሁለቱም ታይዋን የተወለዱ የሥጋ ዘመዳሞች መሆናቸውንም ለጨዋታ ጨመርኩላቸው።

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ ነጭ ጤፍና ሰርገኛ አንድ ማሳ ላይ ዘርተህ ነዋ! በረዶ መቼ ለይቶ ይመታል?»

ለነገሩ ለይቶ መትቷል፤ 17 እና 6 እኩል አይደሉም። ማታ ግን ቁጭ ብዬ አሰላሁት፦ ግማሽ በግማሽ አድርጌው ቢሆን የማድነው 200 ዶላር ገደማ ነበር። ሦስት ሳምንት የተጨነቅኩት ለእሷ ነው። ከ10 ሺው ስንቱ ነው ከነጭራሹ ቺፕ ውስጥ መግባት ያለበት የሚለውን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

አልሸጥኩም፤ 7 በ3ቱ እንዳለ ነው። የሚቀጥለው ዙር ሲወጣልኝ ግን ብሩ ወደ ሁለቱም አይሄድም። ጋሼ ዕጣ ልናወጣ በተሰበሰብን ቁጥር ገና ሳንጨባበጥ «የታይዋኑ ማሳ እንዴት ከረመ?» ይሉኛል።