ቀይ ባሕር የያዘው መዝገብ

በደጋ አገር ተወልዶ ላደገ ሰው ባሕር በመጽሐፍ የሚታወቅ ነገር ነው። እኔም አገሬን ለቅቄ ስወጣ ቀይ ባሕርን የማውቀው በካርታ ብቻ ነበር። ወለሉን ያየሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ለንደን ውስጥ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ ነው።

ያየሁት ቲስልጎርም የተባለችውን የእንግሊዝ የጭነት መርከብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 የጣሊያን ባሕር ኃይል ከምጽዋ ሲወገድ ቀይ ባሕር ለእንግሊዞች መተላለፊያ ሆነ፤ መርከቢቱም አፍሪካን ዞራ በዚሁ ባሕር ወደ ግብጽ አመራች። ኦክቶበር 6 ቀን ሌሊት በሱዌዝ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ አካባቢ የጀርመን አውሮፕላኖች በቦምብ አሰጠሟት። 9 ሰዎች ሞቱ። ሞተር ብስክሌቶቿ፣ የጭነት መኪኖቿና የጎማ ጫማዎቿ 30 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ እስከ ዛሬ አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2017 ባለሙያዎች ከ24 ሺህ በላይ ፎቶግራፎች አንስተው ሙሉ ቅርጿን በኮምፒዩተር ሠሩት። ጥበቡ ፎቶግራሜትሪ ይባላል። ጠላቂው እርሻ እንደሚያርስ ገበሬ እየተመላለሰ ያነሳል፤ እያንዳንዱም ፎቶግራፍ ከቀዳሚው ጋር ከግማሽ በላይ መደራረብ አለበት። ኮምፒዩተሩ አንዱን ብሎን በብዙ ምስሎች ውስጥ ለይቶ፣ ከየአቅጣጫው አነጻጽሮ፣ ካሜራውም ብሎኑም የነበሩበትን ቦታ ያሰላል። መጠኑ እንዲታወቅ ርዝመቱ የተለካ ዘንግ አጠገቡ ይቀመጣል። አንድ ፎቶግራፍ ብቻውን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጥልቀትን አይነግርም።

የኮራል አለቶችም በዚሁ መንገድ ይለካሉ። ባሕሩ ሲሞቅ ኮራል የሚመግቡትን ጥቃቅን ዋቅላሚዎች ከአካሉ ያስወጣል፤ ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታል። አንዱ ስፍራ በየዓመቱ ፎቶግራፍ ሲነሳ የትኛው ቅርንጫፍ እንዳደገ፣ የትኛው እንደተሰበረ ይታወቃል።

ይህን ሁሉ ባደንቅም ልቤ አላረፈም። በዚሁ ባሕር ደቡባዊ ጫፍ፣ የአክስቴ ልጅ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን ተሳፍሮ ቀርቷል። ሞቷል ያላት ስለሌለ አክስቴ ልቅሶ አልተቀመጠችም። በደወልኩላት ቁጥር «ልጄ፣ ተዝካሩን ላውጣ ወይስ ልጠብቀው?» ትለኛለች። ብቻዋንም አይደለችም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 2025 በየመን አብያን ጠረፍ በተገለበጠች አንዲት ጀልባ ብቻ ከ60 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹ ወገኖቻችን ነበሩ። የቲስልጎርም ሞተር ብስክሌቶች አንድ በአንድ ተመዝግበዋል። የእኛ ልጆች ግን ቁጥራቸው እንኳ በግምት ይነገራል።

የእንጨት ጀልባ እንደ ብረት መርከብ ተጋድማ አትጠብቅም፤ ጠላቂም ካሜራ ይዞ አይወርድላትም። ሆኖም የጥበቡ ሕግ ለሰው ቃልም የሚሠራ መስሎ ታየኝ። ከዚያች ጀልባ የተረፉና ዛሬ ሪያድ የሚኖሩ ሦስት ወጣቶችን አፈላልጌ ለየብቻ አነጋገርኳቸው። አንዱ የተነሱበትን ሰዓት፣ አንዱ የተሳፋሪውን ብዛት፣ ሌላው ሞተሩ የቆመበትን ቅጽበት ያስታውሳል። በብዙ ነገር ተለያዩ። በአንድ ነገር ግን ሦስቱም ገጠሙ፦ ዕለቱ የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነበር፤ የአክስቴም ልጅ ከሰመጡት አንዱ ነው።

ነገሩን ለአክስቴ ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ቀን አገኘሁለት» አለች። በሳምንቱ ድንኳን ተከለች።

ይህን መጽሐፍ የያዛችሁ ወገኖቼ፣ ከእናንተ መካከል ያን ባሕር የተሻገረ፣ የተሻገረ ሰውም የሚያውቅ ብዙ ነው። ያያችሁት ትንሽ ቢመስላችሁም ጻፉት፤ ቀኑን፣ ስሙን፣ የለበሰውን ልብስ። የአንዱ ቃል ብቻውን ወሬ ሆኖ ይቀራል። ከሌላው ጋር ሲደራረብ ግን አንዲት እናት የምታለቅስበት ቀን ይሰጣታል።